ቀሚሴን ልበሱት ያለችው ሴትና ወራሾቿ

እንግዳ ከአዲስ አበባ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ቀጭኔ ነው፤ ቀጥሎ ኢስሊ ገብቶ ጨርቅ መግዛት። ሁለቱንም አልከለክልም። ከዚያ በፊት ግን መሃል ናይሮቢን በእግሩ እንዲያይልኝ አስገድደዋለሁ። ባለቤቴ «ደሞዝ የሌለሽ አስጎብኚ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ የማስጎበኘውም ትኬት የሚቆረጥበት ነገር አይደለም፤ የፖሊስ ጣቢያ አጥር፣ የፓርክ ጥግ፣ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። የኬንያ ሴቶች የአገራቸውን ቅርስ የጠበቁት በአብዛኛው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቆመው ወይም ተቀምጠው «አንነሳም» በማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ናይሮቢ የምንኖር ሰዎች ሁለቱን አቆጣጠር ማምታታት ስለሚቀናን አስቀድሜ ልናገር።)

በዚህ ከተማ ቀደም ብለው ከተደራጁት የሴቶች ማኅበራት አንዱ የነጮቹ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ የሴቶች ሊግ በ1917 እዚሁ ናይሮቢ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያዋ ሊቀመንበር ኢዛቤል ሮስ ትባላለች። አባሎቹ የሰፋሪ ገበሬዎችና የሹማምንት ሚስቶች ነበሩ፤ ዋናው ጥያቄያቸው ነጭ ሴት የመምረጥ መብት እንድታገኝ ነው። ሁለት ዓመት አልጠበቁም ማለት ይቻላል፤ በ1919 ተፈቀደላቸው። በጎ አድራጎትም ይሠሩ ነበር፤ በኋላ ዘመንም የሰፋሪዎቹን የኑሮ ታሪክ በጥልፍ ጠልፈው አስቀምጠዋል። ጥልፍ የሚወድ ሰው ቢያደንቀው አልፈርድበትም። እነዚህ ወይዛዝርት «አገራችን» ሲሉ የማንን አገር ማለታቸው እንደሆነ ለማወቅ ግን መብቱን ካገኙ ከሦስት ዓመት በኋላ የሆነውን ማየት ይበቃል።

ሃሪ ቱኩ የመንግሥት ግምጃ ቤት የስልክ ሠራተኛ ነበር። በ1921 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበርን አቋቁሞ ሕዝብ መሰብሰብ ጀመረ። የሚናገረው ነገር አልጠፋም። ወንዶቹ ኪፓንዴ የሚባለውን የጣት አሻራ ያለበት የሥራ ወረቀት በቆርቆሮ ማኅደር ከተው እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ እንዲያንጠለጥሉ ይገደዱ ነበር። የጎጆ ግብሩ ከብዷል፤ ሰፋሪዎቹ የሠራተኛውን ደሞዝ በሲሶ ለመቀነስ ተስማምተዋል። ሴቶቹን ያስቆጣው ደግሞ ሌላ ነው። ልጃገረዶችና እናቶች በአለቆች ትእዛዝ ወደ ቡና እርሻና ወደ መንገድ ሥራ ይነዱ ነበር፤ እዚያ የሚደርስባቸውን ደግሞ ማንም ያውቀዋል። ቱኩ ይህን በአደባባይ አንስቶ ስለተናገረ ሴቶቹ የራሳቸው ሰው አደረጉት።

መጋቢት 14 ቀን 1922 ታሰረ። በማግስቱ ሕዝቡ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ጎረፈ፤ በ16ኛው ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው አጥሩን ከቦ ነበር። ሽማግሌዎች ተመርጠው ከሹማምንቱ ጋር ተነጋገሩና ተመልሰው «ነገሩ በሥርዓት ይታያል፤ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አሉ። ወንዶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ከሴቶቹ መካከል ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ የምትባል ከሙራንጋ አገር የመጣች ሴት ብድግ አለች፤ ቀሚሷን እስከ ትከሻዋ ገልባ «ቀሚሴን ውሰዱና ሱሪያችሁን ስጡኝ፤ እናንተ ፈሪዎች!» በሚል ቃል ዘለፈቻቸው። መሪያችን ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ምን ትጠብቃላችሁ? ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ወደ በሩ ተመመ።

ይህን ለአበሻ እንግዳ ማስረዳት ቀላል ነው። እኛም ጋ ከጦር ሜዳ የሚሸሽ ወንድ «ሱሪህን አውልቅና ቀሚስ ልበስ» መባል ከጥይት የባሰ ነበር፤ የእልልታን ኃይል ደግሞ ማንም አያስተምረንም። በኪኩዩ ባህል የኛንጂሩ ድርጊት ከስድብም ያልፋል። በዕድሜ የበሰለች ሴት ገላዋን በወንድ ፊት ብትገልጥ እርግማን ነው፤ አያድርስ የሚባል። እናት «ጡቴን አውጥቼ እረግምሃለሁ» ስትል በእኛ ቤት የሚወርደውን ዝምታ ያየ ሰው ይገባዋል።

ፖሊሶቹ ተኮሱ። ትይዩ ያለው ኖርፎክ ሆቴል በ1904 የገና ዕለት የተከፈተ የሰፋሪዎች መናኸሪያ ነው፤ በረንዳው ላይ የነበሩ ነጮችም አብረው እንደተኮሱ ተመዝግቧል። ኛንጂሩ መጀመሪያ ከወደቁት አንዷ ናት። መንግሥት የሞቱት 21 ናቸው አለ፤ የዓይን ምስክሮች ከዚያ እጥፍ በላይ ቆጥረዋል። ቱኩ ወደ ኪስማዩ ተጋዘ።

ዛሬ ኖርፎክ እዚያው አለ፤ ፖሊስ ጣቢያውም አለ፤ ከጎኑ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ። በሆቴሉ ፊት የሚያልፈው መንገድ ሃሪ ቱኩ ይባላል። ስለ ቱኩ መንገድ ቅር አይለኝም። ግን ሰውየው ያን ቀን ውስጥ ታስሮ ነበር፤ መንገዱ ላይ የሞተችው እሷ ናት። የመንገድ ስም የሚያወጡ ሰዎች ይህችን ልዩነት ለምን እንደሚዘሏት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከጄቫንጂ የአትክልት ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ ሞንሮቪያ መንገድ ላይ፣ ማዕንዴሌዮ ሃውስ የሚባል ሕንፃ አለ። ማዕንዴሌዮ ያ ዋናዋኬ፣ ማለትም የሴቶች ዕድገት የሚል ስም ያለው ማኅበር ቤት ነው፤ በኬንያ ገጠር ሁሉ ቅርንጫፍ ያለው አንጋፋ ድርጅት። የተመሠረተው በ1952፣ በቅኝ ገዢው መንግሥት ድጋፍ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር፣ ማው ማው በተባለው የፀረ ቅኝ አገዛዝ አመፅ ምክንያት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስለዚህ ማኅበሩ ስፌትና የሕፃናት አያያዝ እያስተማረ በጎን ሌላ ሥራም ነበረው፤ ሴቶቹ ማው ማውን እንዲክዱ ማድረግ። ለካዱት የልጅ ወተትና የሾርባ ማዕድ ይደርሳቸዋል፤ ያልካዱት በሺዎች እየተለቀሙ ካሚቲ እስር ቤት ይገባሉ። በኋላ አመራሩ በአፍሪካውያን ሴቶች እጅ ገባ፤ ብዙ መልካም ሥራም ሠራ። በ1987 ግን ከገዢው ፓርቲ ከካኑ ጋር ተዋሃደ፤ ያ ጊዜ ለማኅበሩ የሚያኮራ አልነበረም። ስለ ማዕንዴሌዮ ክፉ ለመናገር ፈልጌ አይደለም፤ እናቶችን ፊደል ያስቆጠረ ድርጅት ነው። ጽሕፈት ቤት፣ ማኅተምና ደረሰኝ ያለው ማኅበር ሁሉ በቁርጥ ቀን ቦታው ላይ እንደማይገኝ ግን ታሪኩ ያሳያል።

ካልካዱት ሴቶች ሥራ ዋናው ስንቅ ነበር። ሌሊት ምግብ ተሸክሞ ጫካ ጠርዝ ማድረስ፣ ጥይት በቅርጫት ሥር መደበቅ፣ መልእክት ማቀበል። ጄን ሙቶኒ ማራ በ1954 ገና ልጅ ሳለች ለተዋጊዎቹ ምግብ አቀብለሻል ተብላ ተይዛ አሰቃቂ ግፍ ተፈጸመባት። ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ቆይታ፣ አርጅታ፣ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር የብሪታንያን መንግሥት ለንደን ፍርድ ቤት አቆመችው። ሰኔ 2013 መንግሥቱ መጸጸቱን በፓርላማው ተናግሮ ለ5,228 ሰዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። የስምምነቱ አንዱ ክፍል ሐውልት ማቆም ነበር። መስከረም 12 ቀን 2015 በኡሁሩ ፓርክ ጥግ ተመረቀ።

እንግዶቼን ብዙ የማቆማቸው እዚህ ነው። ሐውልቱ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንድ የጫካ ተዋጊና ምግብ የምታቀብለው ሴት። ፊት ለፊት አይተያዩም። አንዳቸው ቢያዙና ቢገረፉ የሌላውን መልክ እንዳይናገሩ ፊታቸውን አዙረው ነው የሚቀባበሉት። ኪማቲ መንገድ ላይ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ የማው ማው መሪ ዴዳን ኪማቲ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል፤ ሁሉም ሥሩ ፎቶ ይነሳል። መልከ መልካም ሐውልት ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ይኼኛው ነው፤ ጫካ ውስጥ ማን ምን በልቶ ተዋጋ የሚለውን ጥያቄ የመለሰ ሐውልት በሌላ አገር አላጋጠመኝም።

አንድ ጊዜ ከጎጃም የመጡ እናት፣ የጓደኛዬ አክስት፣ ሐውልቱን ዞረው ዞረው አዩና «ልጄ፣ የእኛዋስ ባለ ስንቅ የት ቆመች?» አሉኝ። «እማማ፣ እሱን ለአዲስ አበባ ሰዎች ይንገሩልኝ» አልኳቸው። የእኛዎቹ እኮ አላነሱም። የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በ1935፣ ልክ ጦርነቱ በራችን ላይ ሲደርስ፣ በእቴጌ መነን ጠባቂነት ተቋቁሞ ልዕልት ፀሐይ ከሴቶቹ ጋር የቁስል ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ሲያዘጋጁ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኞች ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ እያቀበሉ፣ ተይዘው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተጋዙ። ድንበር ተሻግረው ኬንያ የገቡ ስደተኞቻችንም በዚያ ዘመን ኢሲዮሎ፣ በኋላም ታቬታ ሰፍረው ነበር። ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ ድጋፍ በ1935 የተቋቋመው የአፍሪካውያን ወዳጅነት ማኅበር ጸሐፊ ጆሞ ኬንያታ ነበር፤ ገንዘብ ያዧ ደግሞ ኤሚ አሽዉድ ጋርቬይ፣ ጃማይካዊት። መሃል ናይሮቢን የሚያቋርጠው ሰፊ ጎዳና በኃይለ ሥላሴ ስም መጠራቱ ያለ ነገር አይደለም።

አሁንም ከኡሁሩ ፓርክ አልወጣሁም፤ ምክንያቱም የዚህ ፓርክ መኖር ራሱ የሴት ሥራ ነው።

ዋንጋሪ ማታይን ብዙ አንባቢ በ2004ቱ የኖቤል ሰላም ሽልማት ያውቃታል። ሥራዋ የተጀመረው ግን በሴቶች ማኅበር ውስጥ ነው፤ በ1964 በተመሠረተው የኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት። ሰኔ 5 ቀን 1977፣ በዓለም የአካባቢ ቀን፣ የምክር ቤቱ ሴቶች ከኬንያታ የስብሰባ ማዕከል ተነሥተው ካሙኩንጂ ሜዳ ድረስ በሰልፍ ሄዱና ሰባት ዛፎች ተከሉ። ዛፎቹ በዘፈቀደ አልተተከሉም። እያንዳንዱ ከተለያዩ ብሔረሰቦች ከተነሡ የድሮ መሪዎች ለአንዱ መታሰቢያ ነበር፤ ከነዚህም መካከል ዋንጉ ዋ ማኬሪ፣ በቅኝ አገዛዙ መጀመሪያ አለቃ የነበረችው የኪኩዩ ሴት፣ ትገኛለች። አረንጓዴ መቀነት የተባለው ንቅናቄ ከዚያ ወጣ። ችግኝ ያፈሉት የገጠር እናቶች ለጸደቀላቸው ችግኝ ጥቂት ሳንቲም ይከፈላቸዋል፤ ማታይ ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች ትላቸው ነበር። ሰዎች ስለ ዛፎቹ ብዛት ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔን የሚገርመኝ ችግኝና ታሪክ አንድ ጉድጓድ ውስጥ መትከላቸው ነው።

በ1989 ካኑ በዚህ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊገነባ ተነሣ፤ የፓርቲው ጽሕፈት ቤትና ጋዜጣ የሚገቡበት፣ ፊቱ ላይ የፕሬዚዳንት ሞይ ትልቅ ሐውልት የሚቆምበት። ማታይ ደብዳቤ ጻፈች፤ ለሚኒስቴሩ፣ ለፕሬዚዳንቱ ቢሮ፣ ለብሪታንያ ተወካይ፣ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች። ፓርላማ ውስጥ ተሳቀባት። ሞይም ጥሩ አፍሪካዊት ሴት ወንዶችን አክብራ ዝም ትላለች የሚል ምክር ሰጣት። ከማዕንዴሌዮ መሪዎች ያወገዟት ነበሩ፤ ንቅናቄዋም ከመንግሥት ሕንፃ ተባረረ። አበዳሪዎቹ ግን ደብዳቤዎቿን አንብበው ኖሮ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሕንፃው ቀረ። ዛሬ እሑድ ከሰዓት ልጆች የሚጫወቱበት ሣር መኪና ማቆሚያ ይሆን ነበር።

ጄቫንጂም እንዲሁ ተርፏል። አሊባይ ሙላ ጄቫንጂ ከካራቺ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ ቦታውን በ1906 ለከተማው ሕዝብ ሰጠ። በ1991 ሕንፃና መኪና ማቆሚያ ሊሠራበት ሲታሰብ ሠዓሊና የታሪክ ጸሐፊ የሆነችው የልጅ ልጁ ዛሪና ፓቴል ፊርማ አሰባስባ፣ ሕዝብ አንቀሳቅሳ አስቆመችው። አሁን በምሳ ሰዓት እዚያ አንዱ ጥግ ሰባኪ ይጮኻል፤ ሌላው ጥግ ቡንጌ ላ ምዋናንቺ የተባለው የተራ ሰው ፓርላማ ይከራከራል። ስዋሂሊ መስማት የሚፈልግ እንግዳ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አያገኝም።

የ1992ቱ የእናቶች ተቃውሞ ግን የተፈጸመው ኡሁሩ ፓርክ ጥግ፣ ዛሬ ሐውልቱ ካለበት አካባቢ ነው። ልጆቻቸው በፖለቲካ የታሰሩባቸው ጥቂት እናቶች፣ አብዛኞቹ ያረጁ የገጠር ሴቶች፣ ማታይን ይዘው የዋናው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄዱ። የ52 እስረኞች ስም ዝርዝር ይዘዋል። ሹሙ ተቀብሎ «እናየዋለን፤ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አላቸው። ያ መልስ ከሰባ ዓመት በፊት ኖርፎክ ፊት ለፊት የተሰጠው ነው፤ ሴቶቹም እንደ ያኔው አልሄዱም። የካቲት 28 ከፓርኩ ጥግ ሣር ላይ ተቀመጡ፤ ጦም ያዙ፤ ሻማ አበሩ። ሰው እየመጣ አብሯቸው ይቀመጥ ጀመር። በእስር የተገረፉ ሰዎች በድምፅ ማጉያ የደረሰባቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ በሞይ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ማንም አልሰማም ነበር። ጥጉን ሕዝቡ ፍሪደም ኮርነር ብሎ ሰየመው። የሰየመው ኮሚቴ የለም።

መጋቢት 3 ቀን ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስና በዱላ መጣ። ማታይ ተመትታ ራሷን ስታ ሆስፒታል ተወሰደች። እናቶቹ የቀራቸውን አደረጉ። ልብሳቸውን ገልጠው ጡታቸውን አሳዩ፤ ወጣት ፖሊሶቹን የእናቶቻችሁ እኩያ ነን ብለው ረገሟቸው። ከፖሊሶቹ ፊታቸውን አዙረው የሄዱ ነበሩ። በኛንጂሩ ስም የተቋቋመ ማኅበር አልነበራቸውም፤ ያደረጉት ግን እሷ ያደረገችውን ነው። ቅርስ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ እናት ለልጅ ሳትናገረው የሚተላለፍ፣ ቀኑ ሲደርስ ገላ የሚያስታውሰው።

ከዚያ ኬንያታ ጎዳና ዳር ወዳለው የሁሉም ቅዱሳን ካቴድራል ተሻገሩ። ምድር ቤቱን ከፈቱላቸው። አንድ ሌሊት ለማደር የገቡት ሴቶች አንድ ዓመት ገደማ ቆዩ፤ ፖሊስ ውጪ ይጠብቃል፣ እነሱ ውስጥ ያበስላሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይዘፍናሉ። በ1993 መጀመሪያ ልጆቻቸው ከጥቂት በቀር ተፈቱ። ካቴድራሉ ውስጥ የሚያሳልፈኝ ዘበኛ ካገኘሁ እንግዶቼን በዚያ በኩል አሳልፋለሁ፤ ሠርግ ካለ ግን አይሆንም፤ ቅዳሜ ደግሞ ሁልጊዜ ሠርግ አለ።

ዛሬ የዚህ ሁሉ ባለቤት ማን ነው? እኔ ቻማዎቹ ናቸው እላለሁ። ቻማ የእኛን እቁብና እድር የቀላቀለ የሴቶች ስብስብ ነው፤ በየሰፈሩ፣ በየቢሮው፣ በየገበያው አለ። ከምሠራበት ሕንፃ በታች ሱኩማ የሚባለውን ጎመን የምትሸጠው ማማ ምቦጋም (አትክልት ሻጯ) የራሷ አላት። መዋጮው በስልክ፣ በኤምፔሳ ይሰበሰባል፤ ለታመመ፣ ለሞተ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ ይውላል። በየዓመቱ ጥቅምት 20፣ በጀግኖች ቀን፣ ከቻማው ገንዘብ አውጥተው ሙራንጋ ያሉ አንድ ሁለት አሮጊቶችን ዱቄት፣ ስኳርና ሌሶ ይዘው ይጠይቃሉ፤ ጫካ ስንቅ ያመላለሱ እናቶች ናቸው። ለማስተዋወቅ ባነር አያሰቅሉም። ማው ማው እስከ 2003 ድረስ በሕግ የታገደ ስም እንደነበር ሲያስቡት፣ ያንን ሁሉ ዓመት እነዚህን አሮጊቶች በልታችሁ ጠጥታችኋል ወይ ብሎ የጠየቀው እንዲህ ያለው ስብስብ ሳይሆን አይቀርም።

እኛም የአበሻ ሴቶች ማኅበር አለን፤ በወር አንድ ጊዜ እየተገናኘን ጠላና ዳቦ የምንል። ባለፈው ስብሰባ በእኛ አቆጣጠር የሚያዝያ 27ን የአርበኞች ቀን ዘንድሮ ቤት ውስጥ ከምናከብር ኡሁሩ ፓርክ፣ ባለ ስንቋ ሐውልት ዘንድ እናክብር፤ ማማ ምቦጋዋንና ጓደኞቿንም እንጥራ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ግማሾቹ ወደዱት። ግማሾቹ የማታቱ (የታክሲ) ሰልፍ፣ ልጆች፣ ዝናብ፣ የፓርኩ ፈቃድ አሉ። አንዷ ታላቃችን ደግሞ «እነሱ እንጀራ ይበሉልናል?» ብለው ጠየቁ፤ በዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። አልተወሰነም። ለፈቃዱ ማመልከቻ ግን እኔ እንድጽፍ ተስማምተዋል፤ ቆሎውን ደግሞ እትዬ ራሳቸው ይችሉታል።